በፖርትስመዝ ያየሁት የሐኪም ሣጥን

ልጄን ለማረስ እንግሊዝ አገር ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። ልመለስ ስል «እማዬ፣ ባሕር ሳታዪማ አትሄጂም» ብላ በባቡር ወደ ፖርትስመዝ ወሰደችኝ።

ባሕሩን ያየሁት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቀኑን የዋልኩት ሜሪ ሮዝ የምትባል የጦር መርከብ በምትገኝበት ሙዚየም ውስጥ ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1545 ከፈረንሳዮች ጋር ስትዋጋ ንጉሡ ከባሕሩ ዳር ቆሞ እያየ ሰጠመች። ከ500 ያህል ሰዎች የተረፉት 40 እንኳ አይሞሉም። በ1982 ከባሕር ወለል ሲያወጧት የቀረው አንድ ጎኗ ነበር።

እኔን ያስቆመኝ ግን የሐኪሙ ሣጥን ነው። ሐኪም ስል የዛሬውን እንዳታስቡ፤ ያኔ ጺም የሚላጨውም እግር የሚቆርጠውም አንድ ሰው ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ከ60 በላይ ዕቃ ተገኝቷል፦ የቅባት ዕቃዎች፣ ስሪንጅ፣ የደም መቀበያ ሳህን፣ ተጠቅልሎ የተዘጋጀ ፋሻ። የመሣሪያዎቹን ብረት ባሕር በልቶት የእንጨት እጀታቸው ቀርቷል። ፋሻውን ሳይ ሳቄ መጣ፤ እኛም ሌሊት ተረኛ ስንሆን ጎዝ እየቆረጥንና እያጠፍን ነበር የምናነጋው።

በዚያው ዓመት በጠላት ወገን የነበረው የፈረንሳይ ጦር ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ስለ ጥይት ቁስል መጽሐፍ አሳተመ። የጥይት ቁስል መርዝ አለው ተብሎ የፈላ ዘይት ይፈስበት ነበር። ፓሬ አንድ ቀን ዘይቱ ቢያልቅበት በእንቁላል አስኳል፣ በጽጌረዳ ዘይትና በተርፔንታይን ለውሶ ቀባቸው። ሲነጋ ያልተቃጠሉት ሕመማቸው ቀሎ፣ የተቃጠሉት በትኩሳት ሲሠቃዩ አገኛቸው። የዘይት ማለቅ ስንቱን አዳነ!

ከሣጥኑ ቅባቶች በአንዱ ላይ የጣት ምልክት ተገኝቷል። ይህን ሳነብ እግሬ ከዳኝ።

በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ የጦር ቁስለኞች በሚጎርፉበት ሆስፒታል እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት የቃጠሎ ቅባት አልቆ የቆርቆሮውን ግርጌ በጣቴ እየጠረግሁ ለሁለት ልጆች አካፈልኩ። የአንደኛውን ስም ነገ እጠይቀዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ሲነጋ አልጋው ባዶ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠን» አለች ልጄ።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳትና ወደ መስታወቱ ተመልሼ የቅባት ዕቃዎቹን አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኳቸው።