አስር ሺህ ዓመት የቆየ ክልከላ

በእረፍት የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ልቦለድ (እ.ኤ.አ. 1965) አነበብኩ። በታሪኩ የሰው ልጅ በሚያስቡ ማሽኖች ላይ ተነስቶ ያጠፋቸዋል፤ ደራሲው አመፁን «ጂሃድ» ብሎታል፣ ቃላችንን ተውሶ። ክልከላው 10,000 ዓመት ያህል ጸንቷል።

የዶርም ጓደኞቼ «የማይሆን ነው» አሉኝ። አሜሪካ መጠጥን በሕግ የከለከለችው እኮ ከ1920 እስከ 1933 ብቻ ነው። እኔ ግን ኸምር ትዝ አለኝ። ፖሊስ በሌለበትም 1,400 ዓመት ሙሉ ስንቱ ሙስሊም ሳይነካው ኖሯል! ስለዚህ ርዝመቱ አያስደንቀኝም።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ኸምር የተወ ሰው ከጠጪ ጎረቤቱ ወደኋላ አይቀርም። ማሽን የተወ ግን፣ ጎረቤቱ በድብቅ ከተጠቀመ ይበለጣል። ኸርበርትም ይህ የገባው ይመስለኛል፤ እንደ ኮምፒውተር የሚያሰሉ «ሜንታት» የተባሉ ሰዎችን ፈጥሯል። ኢክስ የምትባል ፕላኔት ደግሞ የክልከላውን ድንበር እየታከከች ማሽን ትሸጣለች። ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ ያሳመነችኝ እሷ ናት።

አሳይመንት በቻትጂፒቲ ስለማሠራት ስንከራከር አንዱ ወንድም «ሁሉም እየተጠቀመ እኔ ብቻዬን ልተወው?» አለ። ይህ የኢክስ ጎረቤቶች ጥያቄ ነው። መልስ አልሰጠሁትም፤ የካልኩለስ ወርክሺቱን አውጥቼ አብረን በእጅ መሥራት ጀመርን።