የማስታወሻ ደብተሩና የበቾ ሜዳ

በሁለተኛ ደረጃ የፈጠራ ጽሑፍ ክፍል የዕለት ማስታወሻ ደብተር ከሌላው ደብተር የሚለየው ማርክ የማይሰጥበት በመሆኑ ነው። ተማሪው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለዐሥር ደቂቃ ያህል፣ መምህሩ በሰጠው መነሻ ላይ ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ድርሰት አይደለም፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አይጠየቅም። ፊደል ቢገደፍ፣ ዐረፍተ ነገር ተንጠልጥሎ ቢቀር፣ ሐሳቡ መሀል ላይ ቢዞር የሚያስቀጣው የለም። ደብተሩ ጥሬ ዕቃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የተሰማ ንግግር፣ የታየ ነገር፣ ያናደደ ጉዳይ ይገባበታል። ታሪኩም ግጥሙም ኋላ ከዚያ ተለቅሞ ይሠራል። ደብተሩ ሞላ ወይም ባዶ ቀረ የሚያሰኘው ደግሞ የተማሪው ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወስነው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፋት አንዲት መስመር ናት።

«ስለ ክረምት ጻፉ» የምትለው መስመር በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዕድሜ ጠግባለች። ውጤቷም ሳይነበብ ይታወቃል፤ ምድር አረንጓዴ ካባዋን ትለብሳለች፣ ወንዞች ይሞላሉ፣ ገበሬው ደስ ይለዋል። ስልሳ ተማሪ ስልሳ ጊዜ ያንኑ ካባ ያለብሳታል። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ የሚመልሰው ያየውን ሳይሆን ከመጽሐፍ የሸመደደውን ነው። ከውጭ መጻሕፍት የሚገለበጡ መነሻዎችም ከዚህ አይሻሉም። በረዶ ስለጣለበት ቀን፣ ስለማይታይ ሰው ኃይል ወይም አንድ ሚሊዮን ዶላር ስለማግኘት እንዲጽፍ የታዘዘ ልጅ የሚጽፈው ፊልም ላይ ያየውን ነው። ሚሊዮኑ ዶላር ሁልጊዜም ለእናት ቤት ይሠራል፣ የተረፈው ለድሆች ይሰጣል፤ ደግነት ነው፣ ግን ጽሑፍ አይደለም።

ተፍኪ ከሰበታ አልፎ ወደ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶና ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የበቾ ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት አዋሽ ከነገባሮቹ ሲሞላ ከሜዳው ብዙው ውሃ ይተኛበታል። እዚያ ላለ ተማሪ ያው የክረምት ጥያቄ እንዲህ ቢጠብ ሌላ ነገር ይሆናል፦ «በነሐሴ ከቤት እስከ አስፋልት ጫማ ሳይበላሽ እንዴት ይደረሳል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ይጻፍ።» አሁን ካባው ቦታ የለውም። ጫማው በፌስታል ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይያዛል፤ እግር ቦቲ ውስጥ ይገባል ወይም ባዶውን ይሄዳል፤ ዋልካው ቦቲውን ከእግር ነጥቆ ያስቀራል፤ አስፋልቱ ዳር ካለች ኩሬ እግር ይታጠባል፤ ቦቲው እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ በአደራ ይቀመጣል። ባለሱቋ አደራውን በደስታ ትቀበላለች ወይስ ታጉረመርማለች? አንድ ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ ከደረሰ ሳያውቀው ታሪክ መጻፍ ጀምሯል፤ ባለታሪክ አለችው፣ ፍላጎት አለ፣ እንቅፋት አለ።

ጥሩ መልመጃ እንግዲህ ቀላሉን መንገድ የሚዘጋ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ነው። ያቺን ሲያደላድል ወደ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። ልኩ፣ ቤቱ፣ ዜማው የታወቀ ነው፤ ምሥጢሩ ግን በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርማል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይባልም። ዛሬ የፈጠራ ጽሑፍ መምህራን ከውጭ እንደመጣ ዘዴ የሚያዩት የዘወትር ልምምድ፣ ጠባብ ሕግና በቃል የሚሰጥ አስተያየት በሙሉ እዚያ ነበር። የጎደለው ደብተሩ ብቻ ነው፤ የቅኔ ተማሪ ደብተሩ ራሱ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ በቾን መልመጃ ማድረግ ይቻላል። አንዱ የክልከላ መልመጃ ነው፦ ሜዳው ይገለጽ፣ ነገር ግን «ውብ»፣ «ሰፊ»፣ «አረንጓዴ» እና «ለምለም» የሚሉት ቃላት አይፈቀዱም። መጀመሪያ ክፍሉ ያጉረመርማል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስለ ጤፉ አነፋፈስ፣ ስለ ጉማሬው፣ ስለ ዝናብ ሽታ መጻፍ ይጀምራል። (ጉማሬ ጅራፍ ነው፤ አዋሽ ላይ ያለውን እንስሳ የጻፈ ተማሪም ቢገኝ ይፈቀድለታል።) ሌላው መልመጃ ዓመቱን በሙሉ የሚሄድ ነው። ተማሪው አንድ ቦታ ይመርጣል፦ ድልድይ፣ የማሳ ጠርዝ፣ የአንድ ግራር ሥር። ስለዚያው ቦታ በዓመት አራት ጊዜ ይጽፋል። ትምህርት ሲከፈት፣ በመስከረም፣ ውሃው እየሸሸ ነው፤ በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በኅዳር ጤፉ ቀለሙን ይለውጣል። በጥር እሸት ሽምብራ በእቅፍ እየታሰረ አስፋልት ዳር ይሸጣል፣ ከሰሜን ለበጋ የመጡ ባለረጅም እግር ወፎችም ማሳው ላይ ይውላሉ። በሚያዝያ ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ የተኛበት መሬት እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አራቱን ገጾች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ቦታ ባለበት ቆሞ ጊዜ በላዩ እንዴት እንደሚያልፍ ይገባዋል። ይህን በትርጓሜ ለማስረዳት የሞከረ መምህር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያባክናል።

መንገዱም የራሱ ትምህርት አለው። ፈረንሳዊው ሬሞን ክኖ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ በፓሪስ አውቶቡስ ውስጥ የተነሣን አንድ ተራ ጭቅጭቅ 99 ጊዜ በተለያየ አጻጻፍ ተርኮታል። ከሰበታ ተፍኪ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነገር በየቀኑ አለ። ረዳቱ «ዝርዝር የለም» ይላል፣ ተሳፋሪዋ «መልሴን ሳልይዝ አልወርድም» ትላለች። ይህን አንድ ተማሪ እንደ ረዳቱ፣ አንዱ እንደ ተሳፋሪዋ፣ አንዱ ከኋላ ወንበር ሆነው መስማት የተሳናቸው አዛውንት እንዳዩት ይጽፈዋል። ሌላው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያቀርበዋል፦ «ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1፡20፣ ተሽከርካሪው ጥቅጥቅ ብሎ የተጫነ።» ክፍሉን የሚያስቀው ብዙውን ጊዜ እንደ ፉከራ የተጻፈው ነው፤ ለአምስት ብር መልስ ጎራዴ የሚመዘዝበት። ከዚህ መልመጃ የሚተርፈው ትልቁ ትምህርት የትረካ አንጻር ነው። ስሙን ሳይጠሩ ማስተማር ይሻላል፤ ስሙ ለፈተና ይደርሳል።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ በአካባቢው የብዙ ሰው ቤት ባለበት ሳለ የአድራሻው አጠራር ተለውጧል። ከዚህም አጭር መልመጃ ይወጣል፦ ለማያውቅ እንግዳ ወደ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ይነገረው፣ የቀበሌም የወረዳም የቀጠናም ስም ሳይጠራ። ቡራዩ ያለው ተማሪ በገፈርሳ ግድብ ይጀምራል፣ ሱሉልታ ያለችው ሯጮች በማለዳ በሚለማመዱበት ሜዳ፣ ሰበታ ያለው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ በሚደርሰው የባቡር ሐዲድ መነሻ። የማን አቅጣጫ እንግዳውን ያደርሰዋል የሚለውን ክፍሉ ራሱ ይፈርዳል።

የስሜት ሕዋሳት መልመጃ በየመጽሐፉ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን ለይስሙላ ይሠራል። ሰበታ ላይ በቁም ነገር መውሰድ ይገባል፤ በአገሪቱ ከሚታወቁት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች አንዱ ያለው እዚያው ነውና። ዓይናማ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ለአምስት ደቂቃ የሚሰማውን ይመዘግባል። መጀመሪያ የሚጽፈው «ጩኸት» ነው። ሲገፋ ጩኸቱ ይነጣጠላል፦ የሲኖትራክ ማርሽ፣ የወፍጮ ቤት፣ በእረፍት ሰዓት የወጡት የሌላ ክፍል ልጆች፣ የጎረቤት ተማሪ አፍንጫ። ዓይን የማያይ ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ካለ ግን በብሬል ያሰፈረው ቀድሞ ቢነበብ ጥሩ ነው፤ ሌላው ተማሪ ምን ያህል እንዳልሰማ ያኔ ይታወቀዋል።

የማዳመጥ መልመጃው ከሁሉም የከበደ፣ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ ያለው ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው እየተቀበሉ «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ያስተማሩት ነገር ቢኖር የሽማግሌ ንግግር ሳይቀጠቀጥ፣ ከነእረፍቱ፣ ከነምልሱ ሊጻፍ እንደሚችል ነው። ተማሪው ከአያቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ የሰማውን በዚያው ዕለት ይጽፋል፣ አያምርም ብሎ ሳያስተካክል። ጥያቄው «የድሮ ሕይወት እንዴት ነበር?» ከሆነ መልሱ «ጥሩ ነበር ልጄ» ይሆንና ያልቃል። «እዚህ ቤት ምን ምን ክልክል ነው?» ቢባል ግን ወሬው አያቆምም። በቾ ጓያ አብቃይ ነውና ከክልክሎቹ መካከል ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይነካህ የሚለው መኖሩ አይቀርም፤ እንፋሎቱ እግር ይሰብራል ተብሎ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ይታመናል። ሽባ የሚያደርገው ጓያን አብዝቶና አዘውትሮ መመገብ መሆኑን የባዮሎጂ መምህሩ ያስረዳል። የጽሑፍ መምህሩ ድርሻ አያት ድስቱን ሲከፍቱ ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ መጠየቅ ነው።

አያት ደግሞ የሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። በአካባቢው ያለ ብዙ ተማሪ ቤት በኦሮምኛ ይውላል፣ ገበያና ታክሲ ላይ አማርኛ ይናገራል፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይማራል። ደብተሩ ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የልጁን ቀን ሁለት ሦስተኛ ያስቀራል። አኮ (አያት) ያሉት በቁቤ እንዳለ ይስፈር፣ ትረካው በአማርኛ ይቀጥል፤ ማጣራቱ ኋላ ይመጣል።

የደብተሩን አያያዝ በተመለከተ ትልቁ ችግር ብዛት ነው። ስልሳ ደብተር በሳምንት አርሞ መመለስ አይቻልም፣ ማረምም አያስፈልግም። አሜሪካዊው ፒተር ኤልቦ እ.ኤ.አ. በ1973 ያለ መምህር መጻፍን በሚመለከት ባወጣው መጽሐፍ ያስፋፋው ነፃ ጽሕፈት፣ እጅ ሳይቆም ለዐሥር ደቂቃ መጻፍ፣ ከነጭራሹ አራሚ አይፈልግም፤ ሐሳብ ቢጠፋ «ምንም አልመጣልኝም» እየተባለ ይቀጠላል። መምህሩ በየሳምንቱ የጥቂት ተማሪዎችን ደብተር ወስዶ አንድ ጥያቄ ጽፎበት ቢመልስ ይበቃል። «ባለሱቋ ቦቲውን ስትቀበል ምን አለች?» የምትል መስመር ከ«ጥሩ ሙከራ» ትበልጣለች። ቀይ እስክሪብቶ ከዚህ ደብተር መራቅ አለበት፤ ሲያየው የተማሪው እጅ ያጥራል።

ገጽ የማጠፍ ሕግም ከመጀመሪያው ቀን ይነገር፦ የታጠፈ ገጽ አይነበብም። ነገር ግን መምህሩ ያልታጠፈ ገጽ ላይ ልጁ አደጋ ላይ መሆኑን ካነበበ ዝም እንደማይል፣ ለሚረዳ ሰው እንደሚናገርም አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ለተከታታይ አራት ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ የጻፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል፤ እንደጻፉ ወዲያው ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። ይህን የሚያውቅ መምህር «የደረሰባችሁን ከባድ ሐዘን ጻፉ» ብሎ ደውል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው አያዝም። በግድም አያዝም።

ከደብተር ወደ ሥራ መሸጋገሪያው ደግሞ መልሶ መጻፍ ነው። በ13 ዓመቷ ማስታወሻ የጀመረችው አን ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1944 ከሬዲዮ የጦርነቱ ዘመን ማስታወሻዎች ኋላ እንደሚሰበሰቡ ስትሰማ የራሷን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና መጻፍ፣ መቁረጥና ማስተካከል ይዛ ነበር። ለተማሪ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በዕድሜው ያለች ልጅ የራሷን ገጽ እንደ ደራሲ አርማለች። በአማርኛ ለዚህ ደረጃ ከሚረዱት የዳኛቸው ወርቁ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» በ1977 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም ዛሬም ለመምህር ጠረጴዛ ይሆናል። ሥራው እንዲህ ነው፦ በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው ከደብተሩ ሦስት ገጽ ይመርጣል፣ አንዱን ለጓደኛው ድምፁን አሰምቶ ያነብለታል፣ ጓደኛው ያልገባውን ይነግረዋል፣ ከዚያ ያ አንዱ ገጽ ብቻ እንደገና ይጻፋል። ማርክ የሚሰጠው ለዚህ ለመጨረሻው ነው።

የተመረጠው ገጽ መድረሻም ሩቅ አይደለም፤ ሚኒ ሚዲያ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ማይኩ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስለ በዓላት የተጻፈ ግጥምና ስለ ትምህርት ጥቅም የሚሰጥ ምክር ነው። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ለደብተሩ ቢለቀቅ፣ ጸሐፊው ከፈለገ ስሙ ሳይጠራ፣ ስለ ቦቲውና ስለ ባለሱቋ የተጻፈው ገጽ ሰልፍ ላይ ይነበባል።