ከወረታ ወደ ቤተ ልሔም በክረምት

በሐምሌ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚወጣ መንገደኛ ጉዞውን የሚጀምረው ከጎርፉ መጨረሻ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ጠራርገው ያመጡትን ድፍርስ ውኃ በፎገራ ሜዳ ላይ ያስተኙና ወደ ጣና ይገባሉ፤ የሩዙን ማሳ ከሐይቁ መለየት ያስቸግራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ መኪናው ውኃው ወደ መጣበት ይወጣል።

ደብረ ታቦር ላይ ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ብርዱም ጋቢ ያስደርባል። ጉና ራሱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራው ሲያግደው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። በክምር ድንጋይ በኩል የሚያልፍ ሰው ጉም የሚለውም ያንኑ ደመና ነው፤ ገብቶበት ያልፋል። ጠዋት ብዙ ጊዜ ይገልጣል፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ አንዳንዴም በረዶ ሆኖ ገብሱን ይመታል። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ማልዶ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ከወረታ እስከ ወልዲያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውን ይህን መስመር የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ሕዝቡም የቻይና መንገድ ይለዋል። ከእሱ ወጥቶ በስማዳና በእስቴ የአፈር መንገዶች መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋልካው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ወንዝ ከሞላ ደግሞ እስኪጎድል ዳር ቆሞ መጠበቅ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት አገር ነው። አሮጌዋ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በኋላ በተሠራ ክብ ጣሪያ ሥር ተሸፍና ትኖራለች። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በእጁ ይጽፋል፤ የጻፈውንም የቆዳው ማኅደር ከዝናብ ይጠብቅለታል። በዚያ መጽሐፍ ክረምት እንዲሁ አንድ ወቅት ተብሎ አይታለፍም። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ዘርዕና ደመና ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል ይባላል፤ አፍላግ ወንዞች ማለት ነው፤ የጋይንት ወንዞች መሻገሪያ የሚከለክሉትም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ቀጥሎ የቁራ ጫጩቶችና ደሴቶች የሚታሰቡበት ጊዜ ይመጣል፤ ያለፈው ዓመት እህል በየጎተራው ያለቀበት፣ ፍጥረት ሁሉ ዓይኑን ወደ ፈጣሪው የሚያነሣበት። ከነሐሴ 28 ጀምሮ ጎሕ፣ ጽባሕና ብርሃን ነው፤ ሰማዩ በእውነትም መፍካት ይጀምራል። መስከረም 25 ክረምቱ ይዘጋል። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሊቃውንት ሰማዩንም መሬቱንም አጥብቀው ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ድጓውን ያነበበ መንገደኛ መቼ እንደሚነሣ መቼ እንደሚቆይ ያውቃል።

ዐፄ ቴዎድሮስም በጋፋት ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲገባደድ ነበር፤ ክረምቱ በተዘጋ በቀናት ውስጥ። መንገዱን ሠራዊቱ ከፊት ከፊት እየጠረገ፣ እሳቸውም ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ፣ መድፉ በጨጨሆ በኩል አልፎ፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው።