ግድብ የሌለበት ሐይቅ

አባቴ ፎቶ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ውኃው ነው። ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ጥልቅ ነው? ዓሣስ ይወጣበታል? የዘጌ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከዘጌ ማገዶ በታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ያደርሱ ነበር፤ በኋላም በሞተር ጀልባ ተቀጥረው ወደ ገዳማቱ ሰው ሲያመላልሱ ኖሩ። ስለዚህ ከአውሮራ የሐይቅ ፎቶ ስልክላቸው ልጁን እንደናፈቀ አባት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የሚመረምሩት።

አንድ ማታ ወደ ሥራ ልወጣ ስዘጋጅ ደወሉልኝ። እኔ ዘንድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ እሳቸው ዘንድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። «የላክኸውን ሁሉ አየሁት ልጄ» አሉኝ። «ወንዙ የሚገባበት ይታያል። ውኃው የሚወጣው ግን በየት ነው?»

ዝም አልኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። መውጫውን ከፎቶዎቹ ሁሉ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ።

ፎቶ የማነሳው ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ ነው። ሃቫና ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በመኪና ሩቅ አይደለም። የምሠራው በሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ቀጥታ ወደ ቤት ብሄድም እንቅልፍ አይወስደኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ካሜራና ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሳትጠነክር ሐይቁ ዳር እገኛለሁ። ከምሥራቁ ዳርቻ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ከውኃው ማዶ የጀልባ ማቆሚያው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሮኪ ተራሮች ይታያሉ። ፀሐይ ከኋላ ስለምትወጣ ብርሃኑ መጀመሪያ ተራሮቹን፣ ቀጥሎ የጀልባዎቹን ምሰሶዎች ይነካል። በመጨረሻ ውኃው ላይ ይወርዳል።

ማንሳት የተማርኩት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ወንዝ ከውቅያኖስ ጋር ስለሚገናኝበት ስፍራ ነበር፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ስለሚሸሽበት፣ ጀልባዎች ጭቃ ላይ ጎናቸውን አጋድመው ውኃው እስኪመለስ ስለሚጠብቁበት ዳርቻ። እዚያ ያለ ፎቶ አንሺ የባሕሩን መምጫና መሄጃ ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዞ ይወጣል። እኔ የማውቃቸው ሁለት ውኃዎች ግን እንዲህ ያለ ሰዓት የላቸውም። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል፤ በዓመት አንዴ። ኮሎራዶ ደግሞ ከየትኛውም ባሕር ሩቅ ናት። ቢሆንም መጽሐፉ አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ወፍ እያባረሩ አይነሳም፤ ቦታ መርጦ መጠበቅ ነው።

ጠብቄም አልቀረሁ፣ በጸደይ ነጫጭ ፔሊካኖች መጡ። የመጀመሪያ ቀን ካሜራው አንገቴ ላይ እንዳለ ረስቼ ቆምኩ። ይህ ወፍ አሜሪካ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከጣናው ፔሊካን ጋር ዘመድ እንጂ አንድ ዝርያ አይደለም። ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፤ ጫፉ ጥቁር ነው። እንደ ጣናው ሁሉ ዓሣ ለመያዝ ከአየር ተወርውሮ አይጠልቅም። በርከት ብለው ተሰልፈው እየዋኙ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱና ምንቃራቸውን በአንድነት ይነክራሉ። ይህን ሲሠሩ ያነሳሁትን ለአባቴ ላክሁ። «እነዚህማ የኛዎቹ ናቸው» አሉ። «ደቦ ወጥተው ነው።»

«የኛዎቹ» የምትለዋ ቃል ሳታበላሸኝ አልቀረችም። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር የምሄደው ጣናን ፍለጋ ሆነ። የመብራት ሽቦ ከገባብኝ ዞር እላለሁ። በሰሜን በኩል ያለውን ግድብ፣ በላዩ የሚያልፉትን መኪኖች፣ ከኋላው ያሉትን ሕንፃዎች በሌንሱ ካልቻልኩ ቤት ገብቼ በኮምፒውተር እቆርጣቸዋለሁ። የሚቀረው ፊላው፣ ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ፣ ፔሊካኑና አንዲት ብቸኛ ጀልባ ነው። ጎርጎራ አካባቢ የተነሳ ነው ብል የሚያምነኝ አላጣም።

ቼሪ ክሪክ ግን ያለ ግድቡ ሐይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ከላይ በኩል የነበረው የካስልዉድ ግድብ ተደርምሶ ጎርፉ ዴንቨር ከተማ ድረስ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል አሁን ያለውን ግድብ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1950 የጨረሰው። ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአፈር ግድብ ነው። የተሠራው ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ እንጂ ለፔሊካን ወይም ለእኔ ካሜራ አልነበረም። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1959 የኮሎራዶ የመጀመሪያው የግዛት ፓርክ ሆነ። የውኃው ስፋት 3.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ወደ 3,000 ይጠጋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለአባቴ ግን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ድምፅ ብቻ ቀረን፤ እሱም ሲገኝ። እኔ ግን ማንሳቴን አላቆምኩም። ኮምፒውተሬ ላይ «ለአባባ» የሚል ማኅደር ከፍቼ ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ አስቀመጥኩ። መስመሩ ሲመለስ ያከማቸሁትን 43 ፎቶ በአንድ ሌሊት ላክሁ። መውጫውን የጠየቁኝ እነዚህን አይተው ነው። 43 ፎቶ፣ አንዱም ላይ ግድቡ የለም። አንዱም ላይ እኔ የለሁም።

ከፈረቃ እንደወጣሁ ግድቡ ፊት ለፊት ሄጄ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነሳሁት፤ መኪኖቹም፣ ውኃ ማስወጫው ላይ የቆመው ግንብም ገቡ። ቀጥዬ በር ላይ የሚደረገውን የጀልባ ፍተሻ አነሳሁ። ከዚያ ስልኬን ወደ ራሴ አዞርኩ። የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ነበርኩ፤ ዓይኔ ቀልቷል። አባቴ የሚያውቁት ቢሮ እንደምሠራ ነው። እንዲህ ብዬ ዋሽቼ አልነገርኳቸውም፤ ሲጠይቁኝ «ሥራው ጥሩ ነው» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ሦስቱንም ፎቶዎች ልኬ ተኛሁ።

ስነቃ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። «ታዲያ ይህ ምኑ ያሳፍራል?» ይላሉ። «ጣናስ ጨረጨራ ላይ አልተገደበም? አንዱን ዓመትማ ውኃው ሸሽቶ ጀልባው አልንሳፈፍ አለን።» እውነታቸውን ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በር ላይ፣ ለጢስ ዓባይ የመብራት ኃይል ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠርቷል። ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ይህን መርሳት አልነበረብኝም። ግን በናፍቆት የያዝኩት ጣናም የተቆረጠ ነበር፤ ጨረጨራን ከአእምሮዬ ካወጣሁት ቆይቷል።

ከሦስቱ ፎቶዎች ረጅም ጊዜ ያዩት የጀልባ ፍተሻውን ነው። ሰውየው ጀልባው ሥር ተንበርክኮ ምን እንደሚፈልግ ጠየቁኝ። ከሌላ ውኃ ተጣብቆ የሚመጣ ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት እንዳለ፣ አንዴ ከገባ ሐይቁን ስለሚወርር በር ላይ እንደሚፈትሹ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እኛም እምቦጩን በር ላይ ብናገኘው ኖሮ» አሉ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያን ጊዜ አባቴ ገና ጀልባ ላይ ነበሩ።

ስለ ሰደርያው ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን እህቴ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። እስከዚያ ቀን የሚደርሰኝ የአባቴ ፎቶ ሁሉ ከደረት በላይ ነበር፤ ነጠላ ለብሰው፣ ፈገግ ብለው፣ ወንበር ላይ። ስልኩ ርካሽ ስለሆነ፣ ወይም እህቴ ማንሳት ስለማትችል ይመስለኝ ነበር። ይህኛው ሙሉ ቁመናቸው ነው። ሐይቁ ዳር በሁለት ክራንች ተደግፈው ቆመዋል። ግራ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባበትም። «አባባ ሙሉውን ላኪለት ብለውኝ ነው» ብላ ጽፋለች።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። «መስመሩ ከመቋረጡ በፊት» አለችኝ።

ያን ቀን አልተኛሁም። ተናድጄ ልጽፍላቸው ጀመርኩና ተውኩት። በምን አፌ? አሁን ስንደዋወል መጀመሪያ የምንነጋገረው ስለ እግራቸው ነው፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መድኃኒቱ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ሰላም። ወፎቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ፎቶዎቼም ተለውጠዋል። ባለፈው ከዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ ወዳለው የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ ሄጄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ለኬሚካል የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተያዘ መሬት ነው። ዛሬ ጎሽ መሰሎቹ ባይሰኖች ይግጡበታል፤ በብርዱ ወራት ራሳቸው ነጭ የሆነ ንስሮች ያርፉበታል። ብዙ ፎቶ አንሺዎች የከተማው ሕንፃዎች እንዳይገቡባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ሕንፃዎቹን ከባይሰኖቹ ኋላ አስገብቼ አነሳሁ። ከዚህ በፊት ካነሳኋቸው ይልቅ ያምራል ማለቴ አይደለም። ግን አባቴ «ይህ ከቤትህ በየት በኩል ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መመለስ ቻልኩ።

ጥቅምት ላይ ፔሊካኖቹ ሄዱ። ብዙዎቹ የሚከርሙት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ያ መጽሐፍ እንደሚያወራው ባሕሩ ሞልቶ በሚሸሽበት አገር ነው። ቼሪ ክሪክ ሐይቅ በብርዱ ስለሚረጋ ጀልባዎቹም አንድ በአንድ ከውኃ እየወጡ በተጎታች ይጫናሉ። ያንን አንስቼ ላክሁ። ግድቡ ከኋላ አለ።

«ሊያደርቋቸው ነው?» አሉ አባቴ። የታንኳ ነገር ይገባኛል፤ ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ አውጥተው ፀሐይ ካላስመቱት ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል።

«በረዶ እንዳይዛቸው ነው፣ አባባ።»

«ያው ነው፤ ዕረፍት ነው» አሉኝ። «አንተስ መቼ መቼ ታርፋለህ?»

ማክሰኞና ረቡዕ አልኳቸው።