ከመገናኛ መንገድ እስከ ሎንዶን ሜዳ

በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅ በኩል መገናኛ የሚባለውን ስፍራ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ አይገኝም። ስሙ ግብሩን ይናገራል። አንዱ መንገድ በኮተቤ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ ይሄዳል፤ አንዱ በገርጂ በኩል ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፤ አንዱ በሃያ ሁለት አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ አቅጣጫ ያደርሳል፤ አንዱም በሾላ በኩል ወደ አራት ኪሎ ይወጣል። በዚህ ስፍራ ባለሥልጣኑና ተሸካሚው፤ ነጋዴውና ተማሪው ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ ይተላለፋሉ። አንተ የማን ልጅ ነህ፤ አባትህስ በምን ሥራ ያድር ነበር ብሎ የሚጠይቅ ማንም የለም።

መንገድ ሰውን ሁሉ እኩል ያደርገዋል። ነገር ግን መንገደኞቹ ከመንገድ ወደ ቤት በገቡ ጊዜ አንዱ ወደ ማዕድ ሲጠራ ሌላው በደጅ ይቀራል። ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ነገር ነው። ምሳሌውን ከሩቅ አገር እናመጣዋለን፤ መንገዱ ግን ከመገናኛ ይጀምራል።

ከመገናኛ ተነሥቶ በሾላ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው፤ ቀበና ሳይደርስ ዛፍ የሞላበትን የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ያገኛል። ቦታውን የሰጡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ስሙ ገና ሌጋሲዮን በነበረበት ዘመን፤ በ1902 ዓ.ም. በግንቦት ወር፤ ለእንግሊዙ ሚኒስትር በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደለት። እርሱም ኋላ የአፋርን በረሓና የዓረብን አሸዋ በእግሩና በግመል ተጉዞ ስለ ጉዞው መጻሕፍት የጻፈው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው።

ልጁ በተወለደ በዓመቱ፤ ሰኔ 15 ቀን 1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ በሎንዶን ከተማ ዘውድ ጫኑ። ለበዓሉም ከየመንግሥታቱ መልእክተኞች ሲላኩ፤ ከኢትዮጵያ መንግሥት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፤ ኋላ ልዑል ራስ የተባሉት፤ ተላኩ። አብረዋቸውም ከሄዱት አንዱ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ታላቁ ደራሲ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡር ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዋና ከተማችን ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ በበቅሎ ብዙ ቀን ተጉዞ፤ ባቡሩን ካገኘ በኋላ ወደ ጅቡቲ ወርዶ፤ ከዚያም በመርከብ ቀይ ባሕርንና ሱዌዝን ይሻገር ነበር። ዛሬ ከመገናኛ ተነሥቶ ቦሌ የሚደርስ ሰው በማግሥቱ ሎንዶን ሲያድር፤ የቀደሙት አባቶች ያዩትን ድካም ማሰብ ይገባዋል።

በዚያው በጋ፤ በዚያው በእንግሊዝ አገር፤ ከምሥራቅ የመጣ ሌላ እንግዳ ጓድ ነበረ። ይኸውም ከሕንድ አገር ተውጣጥቶ በሕንድ ሁሉ ስም ክሪኬት ለመጫወት ባሕር የተሻገረው የመጀመሪያው ጓድ ነው።

ክሪኬት እንግሊዞች እጅግ የሚወዱት ጨዋታ ነው። በያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ ሰው ይቆማል። አንዱ ኳሱን ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል፤ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ኳሱ እንዳይነካበትም ይጠብቃል። ጨዋታው አንዳንድ ጊዜ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በመካከሉም ለምሳና ለሻይ ይታረፋል። የኛን የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ገናም በዱላና በሩር የሚሆን ነውና። በገና ጨዋታ ጌታው በአሽከሩ ቢመታ እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ እንዳለን ሁሉም ያውቃል። ይህን ልማድ አንባቢው በልቡ ያኑረው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሕንድ ጓድ እስኪሰበሰብ ድረስ ብዙ ጊዜ አልፏል። ከዚያ በፊት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ይኸው አሳብ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ሂንዱዎችና እስላሞች፤ ከፋርስ አገር የመጡ የጥንት ስደተኞች ዘር የሆኑት ፓርሲዎችም፤ ከየወገናችን ስንት ሰው ይግባ በሚለው ክርክር ስላልተስማሙ አሳቡ ፈረሰ። ሕንድም በዚያን ዘመን በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ስለ ነበረች የራሷ መንግሥት አልነበራትም። በኋላ የቦምባይ ባለጸጎችና የየአውራጃው መሳፍንት ገንዘብ አውጥተው፤ ስድስት ፓርሲ፤ አምስት ሂንዱ፤ ሦስት እስላም መረጡ፤ አለቃቸውም የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው የፓቲያላ ማሃራጃ ቡፒንደር ሲንግ ሆነ። እንግዲህ አገሪቱ ገና በራሷ ሳትቆም፤ ልጆቿ በአንድ ስም ተሰልፈው በዓለም ፊት ታዩ ማለት ነው።

ማሃራጃው ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ለዘውዱም በዓል የተጠራ ስለ ሆነ፤ ግብዣው በዝቶበት ከጓዱ ጋራ የተሰለፈው በጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ነው። ጓዱ በጠቅላላው 23 ጨዋታዎች አደረገ፤ 6 አሸነፈ፤ በ15 ተሸነፈ፤ 2 ያለ መሸናነፍ አለቁ። በቁጥር ብቻ የሚመለከት ሰው ይህ ጉዞ ውርደት ነበረ ይል ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ጓድ ውስጥ በእንግሊዝ አገር ስሙ ከፍ ብሎ የተጠራው ሰው ማን እንደ ነበረና በአገሩ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ቢመረመር፤ ከድልና ከሽንፈት የሚበልጥ ትምህርት ይገኝበታል።

ሰውየው ፓልዋንካር ባሉ ይባላል። የተወለደው ቆዳ በመሥራት ከሚታወቁ ወገኖች ነው። እነዚህን ወገኖች ከፍ ያለ ዘር አለን የሚሉት ሂንዱዎች እንደ ርኩስ ቈጥረው፤ አካላቸው እንዳይነካቸው ይሸሹአቸው ነበር። ባሉ በወጣትነቱ በፑና ከተማ በጨዋታ ሜዳ ተቀጥሮ ሣር እየጠረገና መሬቱን በድንጋይ ዳምጠው እያስተካከለ በጥቂት ብር ይኖር ነበር። ኋላ በእንግሊዞች ማኅበር ሜዳ ሲሠራ፤ መኰንኖቹ መምታትን ሲለማመዱ ኳስ እንዲወረውርላቸው ያዙት። እንዲመታ ግን ዱላውን አልሰጡትም። እርሱም በየቀኑ ብዙ ሰዓት እየወረወረ እጁ እጅግ ብልህ ሆነ።

የፑና ሂንዱዎች እንግሊዞችን ለማሸነፍ ሲፈልጉ፤ ይህን የቆዳ ሠሪ ልጅ ወደ ጓዳቸው እናስገባው ወይስ እንተወው በማለት ተከራከሩ። ማሸነፉን ስለ ወደዱ አስገቡት። በሜዳ ላይም እርሱ የያዘውን ኳስ እነርሱም ይይዙት ነበር። የሻይ ጊዜ በደረሰ ጊዜ ግን ጓደኞቹ በቤት ውስጥ በሸክላ የአውሮፓ ሲኒ ሲጠጡ፤ ለባሉ በደጅ ሆኖ እንዲጠጣ ተጠጥቶ በሚጣል ጭቃ ጽዋ ይሰጡት ነበር። ምሳውንም ለብቻው ይበላ ነበር። ኳስ ሲሆን ያልረከሰ እጅ፤ እንጀራ ሲሆን እንዴት ይረክሳል?

ይህ ሰው በ1903 ዓ.ም. ከወንድሙ ከሺቭራም ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ዕድሜውም ሠላሳ አምስት ያህል ሆኖ ነበር። በካምብሪጅ በአንድ ተራ ብቻ ስምንት መቺዎች አስወጣ፤ በጉዞው ሁሉ ያስወጣቸውም 114 ሆኑ። ወንድሙም በሶመርሴት ላይ ከመቶ በላይ ነጥብ አስቈጠረ። ጓዱ በታላላቆቹ ግጥሚያዎች ያሸነፈው በሌስተርና በሶመርሴት ላይ ነው። ወደ ቦምባይም በተመለሱ ጊዜ የተናቁት ወገኖቹ ተሰብስበው ባሉን በክብር ተቀበሉት።

ሆኖም በሜዳ የተገኘ ክብር ወደ ቤት እስኪገባ ብዙ ዘመን ፈጀ። ባሉ ከሂንዱዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ ሲሆን በዘሩ ምክንያት የአለቅነቱ ማዕርግ አልተሰጠውም። ማዕርጉን ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ቪታል ነው፤ እርሱም በ1916 ዓ.ም. የሂንዱዎች ጓድ አለቃ ሆኖ አሸነፈ። ሰውን በዘሩ እንደ ርኩስ መቍጠር በሕግ የተከለከለው በ1942 ዓ.ም. በጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት ነው፤ ሕጉን ያረቀቀው ጉባኤ ሊቀ መንበርም ከነዚሁ ከተናቁት ወገኖች የተወለደው ዶክተር አምቤድካር ነበረ። ባሉ ይህን በዓይኑ አይቶ በ1947 ዓ.ም. ዐረፈ።

አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን ስንሰማ በሕንዶች ለመፍረድ አንቸኵል። በኛስ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፤ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፤ ጥበብ የሚሠራውንም ሸማኔ ብሎ በመናቅ፤ ሸክላ የምትሠራይቱንም ሴት ቡዳ ናት ብሎ በመሸሽ ስንት ዘመን ኖረናል? የሚያስደንቀው ግን መኰንኑ የሚቀመጥበት ኮርቻ በፋቂው እጅ የለፋ ነው፤ ሰይፉና ማረሻው በጠይቡ እጅ የተቀጠቀጠ ነው፤ የክብር ልብሱ በሸማኔው እጅ የተሠራ ነው፤ እንጀራውም የሚጋገረው ሸክላ ሠሪዪቱ በተኰሰችው ምጣድ ላይ ነው። ሥራቸውን ወደ እልፍኝ አስገብተን ሠሪዎቹን በደጅ አቆምን።

ይህን ክፉ ልማድ አስቀድመው ያወገዙት ራሳቸው አፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ፤ ሠራተኛን ሁሉ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ እንዲህ ያለው ስድብ ብልሃተኛን ከአገር የሚያጠፋ መሆኑንም አስታወቁ። ይህ አዋጅ የወጣው ባሉ ወደ እንግሊዝ ከመሄዱ ሦስት ዓመት በፊት ነው። አዋጁ ትልቅ ነበረ፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። አንድ አዋጅ አደባባይን በአንድ ቀን ይገዛል፤ ጓዳን ለመግዛት ግን የባለቤቱና የባለቤቲቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የኢትዮጵያ ልጆችም እንደ ሕንዶቹ በአገራቸው ስም ባሕር የሚሻገሩበት ዘመን መጣ። በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር አሥራ ሁለት ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ወደ ተደረገው የኦሊምፒክ በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዱ። ሯጮቹ የተወዳደሩበት ታላቁ ሜዳም በስሙ የሜልቦርን የክሪኬት ሜዳ የሚባል ነው። ከዚያ ጉዞ ምንም ሜዳልያ አልተገኘም። ነገር ግን አንዱ ተጓዥ ማሞ ወልዴ ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የማራቶን ባለድል ሆነ፤ ከእርሱም በፊት የእረኛው ልጅ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በመጨረሻም ከአርሲ ገበሬ ቤት ወጥቶ በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መጣ። ከመገናኛ በሃያ ሁለት በኩል የሚወርደው መንገድ ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

ስለዚህ የአገር ክብር ከወዴት ቤት እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በታላቅ ቤት የተወለደው ማሃራጃ ጥቂት ተጫውቶ ወደ ግብዣው ሲሄድ፤ በደጅ ሻይ የጠጣው ሰው የአገሩን ስም በትከሻው ተሸከመ። ይህን ያልነው መኳንንትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ማሃራጃውና ባለጸጎቹ ገንዘብ ባያወጡ ጓዱ ከቦምባይ ወደብ ባልተነሣም ነበር። የታላላቆች ክብር ለሌላው ክብር መንገድ መክፈት እንደ ሆነ ለማሳሰብ ነው።

በገና ጨዋታ ጌታ የማይቈጣበት ልማድ መልካም ልማድ ነው፤ ጉድለቱ የአንድ ቀን መሆኑ ነው። ባሉን ያሳዘነውም ይኸው ነበረ፤ ጨዋታው ሲጀመር ወንድም፤ ጨዋታው ሲያርፍ ባዕድ መሆን። የአንድን ቀን ልማድ የዓመት ልማድ የሚያደርገው ደግሞ ቤተ ሰብ ነው። ልጆች ስለ ሰው እኩልነት በትምህርት ቤት የተማሩትን በቤታቸው ከሚያዩት ጋራ ያስተያያሉ፤ ቢለያይባቸው የቤቱን ይይዛሉ።

እንግዲህ እመቤቲቱ ምጣድ ይዛ የመጣችውን ሸክላ ሠሪ፤ ጌታውም ጋቢ ይዞ የመጣውን ሸማኔ፤ ኮርቻ ሊጠግን የመጣውንም ሰው በደጅ አቁመው ዋጋውን ብቻ ቈጥረው አይስጡ። ሌላው እንግዳ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ያስቀምጡት፤ በአንተ ሳይሆን በአንቱ ይጥሩት። ቡናም በተፈላ ጊዜ ልጆቹ እያዩ ይቀዳለት፤ ሲኒውም ከሌላው እንግዳ ሲኒ የተለየ አይሁን።