የነበረውን ሳያስቀምጡ መጻፍ

ደንበኛው የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ በሩ ሲቆለፍ ፍሬቻው ብልጭ ይበልልኝ። ኤሌክትሪሻኑ ላፕቶፑን ከመሪው ሥር ካለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ጋር አገናኘ። ምንም ከመንካቱ በፊት ፍሬቻውን የሚቆጣጠረውን ሞጁል (ትንሽ ኮምፒውተር) ኮድ በፋይል አስቀመጠ፤ ስክሪኑንም በስልኩ ፎቶ አነሳው። ከዚያ አንዲት ቁጥር ቀየረ፣ በሩን ቆልፎ ሞከረ፣ አዲስ ስህተት ተመዝግቦ እንደሆነም ፈተሸ። የነበረውን ሳያስቀምጥ ለሚጽፍ ሰው እንኳን የኤርባግና የፍሬን፣ የፍሬቻም ሞጁል አይሰጥም።

*

ኮዲንግና ፍላሽ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ አደጋቸው ግን ለየቅል ነው። ኮዲንግ ሞጁሉ ውስጥ ያለን ምርጫ ማብራት ወይም ማጥፋት ነው። ፍላሽ ግን ያለውን ሶፍትዌር አጥፍቶ ሌላ መጫን ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሞጁሉ ላይነሳ ይችላል። በዋጋ ከመከራከር በፊት የትኛው እንደሚሠራ ይጠየቅ።

*

ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን ይፈራል፤ መፈራት ያለበት ባትሪው ነው። ሙሉ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቁልፉ ሲበራ መብራቱም፣ ማራገቢያውም፣ ሞጁሎቹም ከእሱ ይጠጣሉ፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ቆሟል። ፍላሹ ሳያልቅ ቮልቴጁ ከወረደ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ጥሩ ባለሙያ ቮልቴጁን ሳያወዛውዝ የሚይዝ የኃይል መስጫ አስቀድሞ ይገጥማል፤ የላፕቶፑንም ቻርጀር ይሰካል፤ በሚቆራረጥ ብሉቱዝ ፈንታ ኬብል ይጠቀማል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጊዜ ይወስዳል። ደንበኛ ሆነን አናጣድፈው።

*

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ፦ የቼክ ኢንጂን መብራት ጠፍቷል ማለት መኪናው ተጠግኗል ማለት አይደለም። ስህተቱን በመመርመሪያ ማሽን ማጥፋት የአፍታ ሥራ ነው፤ ብልሽቱ ሲፈጠር የተመዘገበው መረጃም አብሮ ይጠፋል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ማሽኑ ላይ «ገና አልተጠናቀቁም» የሚል ምልክት ይታያል። ፍተሻዎቹ ሁሉ ያልተጠናቀቁበትን መኪና ሳትነዱና እንደገና ሳታስመረምሩ ገንዘብ አትክፈሉ።

*

እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን ተጋለጠ፤ የዲዝል መኪኖቹ ሶፍትዌር ምርመራ ላይ መሆናቸውን አውቆ ጭሱን ይቀንስ፣ መንገድ ላይ ይለቀው ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ላይ። የጭስ ማጣሪያን በሶፍትዌር የሚያስዘጋ ባለመኪናም ያው ነው የሚያደርገው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው መንገድ ዳር የቆመው ሰው ነው።

*

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አበባ ውስጥ በርክተዋል። ስክሪናቸው በቻይንኛ ያስጠነቅቃል፤ አሽከርካሪው የባትሪውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ አይችልም። ቋንቋውን ማስቀየር ቅንጦት አይደለም። ይህን ግን ገዢው ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ ማስሠራት የለበትም፤ አስመጪው ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ሊጨርሰው ይገባል።