ዳግመኛ ለፈተና የተቀመጠች እናት

ሴት ልጅ ትዳር ይዛና ልጆች ወልዳ ደብተር ስትሸከም የሚመርቃት እንዳለ ሁሉ የሚታዘባትም አይጠፋም። ተፈትና ስትወድቅ ደግሞ ምርቃቱ ይቀንስና ትዝብቱ ይበረክታል። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል፣ ልጆችሽን አሳድጊ» የሚለው ምክር ከጎረቤትም፣ ከዘመድም፣ ከሥራ ባልደረባም ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የምወደው ይህን ምክር ከሰማሁ በኋላ ለሁለተኛው ፈተና የተዘጋጀሁባቸውን አሥራ አንድ ወሮች ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ሆነው ዳግመኛ ለመፈተን ለሚያስቡ እኅቶቼ ይጠቅም ይሆናል።

ትውልዴ በምሥራቅ ጎጃም ቢቸና ነው። ትዳርና ሥራ ወደ ሞጣ ወስደውኝ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የሰው ችግር በፊቱ ሲያልፍ ያያል። ከሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ የማይጠፉት ይግባኝ ለማለት ዘግይተው የሚመጡ ሴቶች ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይግባኝ የሚቀርበው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው ይላል። ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ እናት ግን ቀኑን የሚቆጥርላት የላትም። አዝመራ ሰብስባ፣ ልጅ አስታማ፣ የመኪና ገንዘብ አጠራቅማ ስትደርስ ቀኑ አልፏል። በበቂ ምክንያት የዘገየ ሰው ፈቃድ እንዲጠይቅ ሕጉ በር መተዉን የሚነግራት ካላገኘች ደግሞ የመሬት ወይም የቤት ድርሻዋን ትታ ትመለሳለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራው መዝገብ ማውጣትና መመለስ እንጂ ባለጉዳይን መምከር አይደለም። ሕግ ልማር ብዬ የተነሣሁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሞጣ ከባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ቅዳሜና እሑድ እየተመላለስኩ የትምህርቱን ዓመታት ጨረስኩ። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መፈተን የጀመሩት በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ፈተናው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚማር ሁሉ ግዴታ ሆነ። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በመላ አገሪቱ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈትነው ያለፉት 61 ሺህ ያህል ነበሩ። እኔ 43 አመጣሁ። ጎረቤቶቼ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» እያሉ እንደ ለቅሶ ቤት ሊያጽናኑኝ መጡ።

ነሐሴ ሲገባ በክልላችን ግጭት ተነሣ። መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ዓመቱን ሙሉ ሳይከፈቱ ቀሩ። በከተማ ያሉ ተፈታኞች በስልካቸው ጥያቄና መልስ ሲቀባበሉ እኛ ዘንድ ያለው ወረቀት ብቻ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አዲስ መጽሐፍ መፈለግ ሳይሆን በፈተናው ላይ የትኞቹ ጥያቄዎች እንዳስቸገሩኝ እያስታወስኩ በደብተር ላይ መዘርዘር ነው። ዝርዝሩን ሳየው አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ካስቸገሩኝ ጥያቄዎች የሚበዙት በየቀኑ በእጄ የሚያልፉ ጉዳዮች ነበሩ። ይርጋ፣ ይግባኝ፣ ዕግድ፣ የሁከት ክስ፣ የጋራ ንብረት ክፍፍል ለእኔ የዕለት እንጀራ ናቸው። ፍርድ ቤታችን ግን የሚሠራው በአማርኛ ሲሆን ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ይርጋ የምንለውን አንድ ቃል እንግሊዝኛው በሦስት ቃላት ይጠራዋል። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለውን ክስ ደግሞ ስለ ይዞታ የሚቀርብ ክስ ብሎ ሲያልፈው ሁከት የሚል ቃል በውስጡ የለም። አንዲት ሴት ሕጉን እያወቀች ስሙን ባለማወቅ ልትወድቅ እንደምትችል ያን ጊዜ ተረዳሁ።

መፍትሔው በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ ሕግን የሚያትመው በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓምድ፣ በግራ አማርኛውን በቀኝ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጎ ነው። የክልላችን ዝክረ ሕግም አማርኛውንና እንግሊዝኛውን አብሮ ይዞ ይወጣል። ከሥራ ሰዓት በኋላ አስፈቅጄ አንድ አንድ አዋጅ እያነበብኩ ቀኙን ዓምድ በወረቀት ሸፍኜ ግራውን አነባለሁ፤ እንግሊዝኛውንም በቃሌ እለዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አዛውሬ በተቃራኒው እደግመዋለሁ። የወንጀል ሕጉን፣ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግና የክልላችንን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 በዚህ መንገድ ጨረስኳቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን 3,367 አንቀጽ ስላለው እንዲህ አይገፋም። ይህ ሕግ ረኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ ምሁር በፈረንሳይኛ ያረቀቁትና ወደ አማርኛ የተመለሰ መሆኑን ሳስብ፣ እኔ በሁለት ቋንቋ መካከል መንገላታቴ የብቻዬ አይደለም ብዬ እጽናና ነበር። ለእርሱ የተጠቀምኩበት ዘዴ እያንዳንዱን ቁልፍ አንቀጽ ከማውቀው የክስ ዓይነት ጋር ማያያዝ ነው። ከውል ለሚነሣ ጥያቄ መደበኛው ይርጋ 10 ዓመት መሆኑን ስይዝ የብድር ክስ ያመጡ ነጋዴዎችን፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት መሆኑን ስይዝ መኪና ልጃቸውን የገጨባቸውን አባት በዓይነ ኅሊናዬ አያለሁ። ቁጥሩ ብቻውን ይጠፋል፤ ከሰው ፊት ጋር ሲያያዝ ግን አይረሳም።

ስለ ጥናቱ ይህን ያህል ካልኩ ለጥናቱ የሚሆነው ጊዜ ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ለእናቶች ዋናው ጥያቄ እርሱ ነውና። ባለቤቴ መምህር ነው። በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ተዘግቶ እርሱም ሁለቱ ልጆቻችንም ቤት ዋሉ። ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ግን ይበላል፣ ልብስ ያቆሽሻል። አንድ ቀን ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የቤቱን ሥራ አንድ በአንድ ጻፍነው፤ ሃያ ሦስት ዓይነት ሆነ። ከእነዚህ አሥራ ዘጠኙ በእኔ ላይ የወደቁ ነበሩ። ዝርዝሩ በጽሑፍ ባይሆን ኖሮ ሁለታችንም አናምነውም። ከዚያ በኋላ ቁርስ፣ ዕቃ ማጠብና ውኃ መቅዳት የእርሱና የታላቁ ልጃችን ሆነ። እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን እኔ እጋግራለሁ፤ ወጡን በፈረቃ እንሠራለን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ግን ማንም አይጠራኝም። መጀመሪያ ሰሞን «ባሏን ማጀት አስገባችው» የሚል ወሬ ደርሶናል። ባለቤቴ የሰጠው መልስ «ሽሮ ለማማሰል ዲግሪ አያስፈልግም» የሚል ብቻ ነበር።

ከቤት ሥራ ይልቅ የከበደኝ የማኅበራዊ ኑሮ ግዴታ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰች ሴት ስሟ ይነሣል። ስለዚህ ሳልደበቅ ለእድራችን ሴቶች በስብሰባ ላይ እስከ ሰኔ ድረስ ከቀብር ቀን በቀር እንዳይጠብቁኝ ለመንኳቸው። አንዲት አረጋዊት እናት «ለቅሶ በአገሩ መቼ ጠፍቶ ያውቃል ልጄ፣ ጨርሰሽ ትደርሽናለሽ» ሲሉ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። አስቀድሞ በግልጽ መናገር ከኋላ ሰበብ ከመደርደር እንደሚሻል ያወቅሁት በዚያን ዕለት ነው።

የየካቲቱ ድጋሚ ፈተና መንገድ ባለመመቸቱ አለፈኝ። ከሰኔው በፊት በነበሩት የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መንገዱ ክፍት በነበረበት ቀን ልጆቼን ይዤ በጉንደወይንና በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና እናቴ ዘንድ ገባሁ። እናቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሲመሽ ነጋሪት ጋዜጣውን ይዘው የአማርኛውን ዓምድ ጣታቸውን እያስኬዱ ቀስ ብለው ያነቡልኛል፤ እኔ እንግሊዝኛውን እመልሳለሁ። እንግሊዝኛውን ባያውቁም «እንዲያው ምን ማለት ነው?» ሳይሉ ወደ ሚቀጥለው አያልፉም። ለእርሳቸው እስኪገባቸው ሳስረዳ ለእኔም ጠልቆ ይገባኛል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ባነበቡልኝ ማታ፣ ሴቶች መሬትን በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች እኩል መብት አላቸው የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያም «ይህ ከተጻፈ ስንት ዓመት ሆነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ገጹን ገለጡ። በአባታቸው ርስት ላይ የሆነውን ስለማውቅ እኔም አልጨመርኩም።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ተፈትኜ 61 አመጣሁ። ዲግሪው በእጄ ነው፤ የጥብቅና ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀኛል። አብረውኝ ካጠኑት መካከል ሦስተኛ ጊዜ የምትቀመጥ ጓደኛ አለችኝ። በስልክ ማታ ማታ አንቀጽ እንጠያየቃለን።

እኅቶቼ ሆይ፣ ዳግመኛ ለመፈተን የምታስቡ ሁሉ መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ከመጀመራችሁ በፊት ነጥቡ የጎደለበትን ቦታ ፈልጉ። ከሥራችሁ የምታውቁትን ነገር አትናቁት፤ የጎደለው ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቤታችሁን ሥራ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለቤተሰቡ አሳዩ፤ በቃል የተነገረ ድካም አይቆጠርም። ባሎች፣ ልጆች፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ብትሆኑ ለምትማር ሴት ከማበረታቻ ቃል አስቀድማችሁ ሁለት ሰዓት ስጧት። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት የተለዩ ልጆች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ነገ በዘገየ ዕድሜያቸው ደብተር ይዘው የሚመጡ እናቶች ይኖራሉ። ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል» የሚላቸው ሳይሆን ከጎናቸው ተቀምጦ ግራውን ዓምድ የሚያነብላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።